መስኮት ቁጥር አራት

ዓጅማን ነው። ነሐሴ ነው። ገና በሁለት ሰዓት
ሙቀቱ ከሰዉ ጋር ተራ ይዟል፣ በመስኮት ቁጥር አራት።
እኔ ሥራዬ ወለል ነው፤ ደሞዜም እንደ ወለሉ ዝቅ ያለ፤
ግን ያገር ሰው መጥቶ አረብኛው አፉ ላይ ከተንጠለጠለ
ረቂብ ኸሚስ በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን ያሰግግና
«ዛህራ!» ይለኛል፤ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፍና
ደብዳቤ ባልተጻፈለት ሹመት
አስተርጓሚ እሆናለሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓት።

የሰው ጥያቄ አያልቅም። «ካርዴ ታክሲ ውስጥ ቀረ።»
«ስልኬን ሰረቁኝ፤ ደረሰኙ በልብስ ማጠቢያ ተሽከረከረ።»
«ጎረቤቴ ሌሊት ሌሊት ግድግዳዬን ይደልቃል፤
ብደውል፣ ከሁለታችን ማን ይጠየቃል?»
«ፖሊስ ጋ መደወል ካርድ ይቆርጣል?»
«ጠዋት የከሰሰኝ ሰው ማታ ቢታረቀኝ፣ ክሱ ያልቃል?»
«ይኼ ወረቀት ምን ይላል?» ምን እንደሚል ያውቃል አንዳንዱ፤
ከሌላ አፍ ሊሰማው ብቻ ነው፣ በዚህ ፀሐይ መንደዱ።

ከሁሉ የሚበዛው ግን የስኩተር ነገር ነው፤
ቁመቷ እስከ ወገብ፣ ጣጣዋ ከአናት በላይ ነው።

የከሚሴው እንድሪስ፣ ምግብ አመላላሹ፣
ከረጢቱን ሳያወርድ፣ ከነጥድፊያው ከነትንፋሹ፣
ትላንት ማታ ተወስዳበት፣ ሊያስለቅቃት ነው አመጣጡ።
«ዛህርዬ፣ ለጌታው በይልኝ፣» አለ፤ መስታወቱን መታ በጣቱ፤
«ተሽከርካሪ ናት ካላችሁ፣ ሰሌዳዋ የታለ?
መጫወቻ ናት ካላችሁ ደግሞ፣ መጫወቻ ማሰር በየትኛው አገር አለ?»

አለዝቤ ተረጎምኩት። ቃል እንደ ሥጋ ነው፤
ለለመደው እንጂ ለሁሉ አይቀርብም ጥሬው።
ረቂቡ ሳቀ፤ ሲስቅ አሥር ዓመት ይራገፍለታል።
ከዚያ በጣቱ ይቆጥራል፤ ይህን በቀን ስንቴ ይላል!
በመኪና መንገድ አይደለም፤ በተቀባው መስመር ብቻ።
ራስ ላይ ሔልሜት። ማታ መብራት፣ የሚያበራ ሰደርያ።
ሁለት ሰው አይፈናጠጥም።
አንድ ሰው፣ አንድ ስኩተር። በቃ።

እንድሪስ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። እሱ የጠየቀው፣
«መስመሩ ድልድዩ ሥር ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያስ?» ነው።
ረቂቡ እስክሪብቶውን አየ፤
እስክሪብቶው መልስ የለውም።
እኔም ዝምታውን ተረጎምኩለት፣
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ምንም።

ሊዘጋ ሲል አንዲት ልጅ ገባች። ትርንጎ ትባላለች።
የሕፃን ስኩተር፣ ሮዝ፣ ቢራቢሮ የተለጠፈባት፣ ይዛለች።
እጀታዋን እንደ ሰው ክንድ ጨብጣ፣
ድምጿ ከጉሮሮዋ በግድ እየወጣ፣
«ይቺን እኔ ብነዳት ፈቃድ ያስፈልጋል?»
ረቂቡ ቀና ሳይል፣ «የልጅ ናት፤ ፈቃድ ለምኗ!» ይላል።
«እስከ የት ድረስ?» «እስከ መናፈሻው።»
«ብቻዬን ብሆንስ?» «ብቻዋን መሆኗ ነው የሚፈለገው።»
«እሺ፤ ባጣቃዬና ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ቢሆንስ?
ከወጣሁ… ከወጣሁ በኋላ ባልመለስስ?»

ቆምኩ።
ፈቃድ የሚሉት ቃል በኛ አፍ ሦስት በር አለው፤
ረቂቡ በመንጃው ገብቶ፣ በመንጃው ነው የወጣው።
ልጅቱ ግን የቆመችው በቀሩት መሀል ነው፣
ሌላ ሰው በሚሰጠውና ከልብ በሚመጣው።

ይኼን አላለዘብኩም።
ጥሬውን አቀረብኩለት።
ቆቡን አወለቀ። ወንበር አምጡ አለ፤ ውሃም።
ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ፤ «ለመጫወቻ ይህን ያህል?» አለ አንዱ።
ስልክ አነሳ፤ ለማን እንደሆነ አልሰማሁም።
ምን እንደሚሆንም አላውቅም።

ስኩተሯ ከመወልወያዬ ጎን ግድግዳ ተደግፋለች።
እርጥቡ ወለሌ ላይ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ቀጭን የጎማ መስመር አለች፤
ማንም ያልቀባት።
ልወለውላት ጎንበስ አልኩ፤
ተውኳት።