ሦስት ክንድ

ቤቱን ስገዛ ጣሪያውን አየሁ፣ ግድግዳውን ዳሰስኩ፣
የብርቱካኑን ዛፍ፣ የወይኑን ሐረግ በጣቴ ቆጠርኩ፤
አንዲት መስመር ግን ከውሉ ግርጌ ሳላነብ አለፍኩ።

«ሦስት ክንድ ስፋት፣ ከአውራ መንገዱ እስከ ወንዙ ማሳ፣
ለሰው፣ ለጋሪ፣ ለጥንድ በሬ፣ ሲሞትም ለሬሳ።»

ሕጉ «አገልግሎት» ይለዋል፦ መሬት ለመሬት ያደረ፤
ግቢዬ ለሴትዮዋ ጎመን ሎሌ ሆኖ የኖረ፣
እኔ ሳልወለድ በሙታን ፊርማ የታሰረ።

ባለመብቷ ዴኦሊንዳ ናት።
ጥቁር ሻርፕ፣ የጎማ ቦቲ፣ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፤
አንድ ጎማ ያላት የእጅ ጋሪ አለቻት።
በበጋ፣ የመስኖ ተራዋ ሌሊት በስምንት ሰዓት ሲደርሳት፣
ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር፦
ሲጢጥ… ሲጢጥ… ሲጢጥ…
ዘይት እንዳልነካው ቂም።

«ዘይት ልስጥሽ» አልኳት አንድ ቀን።
«ተወው» አለች። «ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ሌባ ነው።
እኔ ስሄድ ይሰማ።»

የብረት በር አቆምኩ። ቁልፍ ሰጠኋት።
ከፍታ አለፈች፣ ከፍታ ተወችው፤
ውሻዬ ወጥቶ የካህኑን ዶሮ በላ፣ ዕዳው የእኔ ሆነ።
ከመንገዱ መሃል ሎሚ ተከልኩ።
ጠዋት ስነሳ ሎሚው ተነቅሏል፤
ሥሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ አንድም ቅጠል ሳይረግፍ፣
ከደጃፌ ተደግፎ ቆሟል።
በዚህ ምን ብዬ እከሰሳት?

ቢሆንም ብራጋ ድረስ ሄድኩ፣ ጠበቃ ኖጌይራ ዘንድ።
ውሉን አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፦
«ወዳጄ፣ ይህ መብት ባለቤቱ ሲሞት አይሞትም፣
ቤት ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል።
የሚገድለው ሣር ነው፤
ሃያ ዓመት ማንም ሳይረግጠው ከቀረ።»
ሃያ ዓመት! እኔ ስድሳ ሰባት ነኝ።
በጣቴ ጀመርኩና ተውኩት።
የከፈልኩት ገንዘብ ሦስቱን ክንድ ይገዛ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ዴኦሊንዳ ወደቀች፤
በወንዙ ቁልቁለት አይደለም፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ወለል።
ዳሌዋ ተሰበረ።
ጋሪዋ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች፣
ሣሩም ወር ሳይሞላው መንገዱን ዋጠ።
ዳኛ ሳይቀመጥ፣ ምስክር ሳይጠራ፣
ተፈረደልኝ።

ሌሊት በስምንት ሰዓት ዝምታው ቀሰቀሰኝ።
ውሃው ተራዋን አልረሳም፤
በቦዩ መጥቶ፣ የሚከፍትለት አጥቶ፣
ጎመኗን አልፎ በከንቱ ወንዝ ሲገባ ይሰማኛል።
አንድ ሌሊት ቻልኩ። ሁለተኛውንም።
በሦስተኛው ቦቲዬን አጠለቅኩ፣
ጋሪዋን ከግድግዳው አላቀቅኩ፣ አካፋ ጫንኩ፣
በገዛ ግቢዬ እንደ እንግዳ፣
ከሦስቱ ክንድ ስንዝር ሳልወጣ አለፍኩ።
ሲጢጥ… ሲጢጥ…
ከማዶ መብራት በራ። መስኮት ተከፈተ።
«በሩን ዝጋው! ያ ውሻህ ዶሮ ሊበላ ነው!»

ጠዋት የወንድሜ ልጅ ዱዋርቴ ዘይት ይዞ መጣ።
«ሰፈሩን ሁሉ ስትቀሰቅስ አደርክ፣ አጎቴ፤
ጎማውን ልቀባልህ?»

አስቀምጠው፣ አልኩት።
ስሄድ ይሰማ።