ልኳን ንገረኝ

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለኔ የቀረች ነች፣
መሀል ሜዳ ጓሮ በሣር የተዋጠች፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ እየጠጣች
ዝገት ያሳደገች።
ታንከሯ ላይ ያለው ጽሕፈት ተላልጦ
«ያማ» ብቻ ቀርቷል፤ «ሃ»ው ሄዷል አምልጦ።
በሷ ነው የምዞር፣
የበረዶ ሣጥን ኋላዋ ጠፍንጌ፣
ፈንጣጣ የያዘው በግ በየጎጡ ፈልጌ፣
ከጓሳ እስከ ሞላሌ።

አንድ ቀን በኅዳር ቁልቁል ስወርድባት
ከፊት ጎማዋ ውስጥ ጠጠር የሚፈጩባት
መሰለኝ።
ወረድኩ። ነቀነቅኋት። ኩሽኔታው አልቋል።
ላስነሳት ስረግጥም መርገጫው ተሰብሮ ወልቋል።

ሁለቱን በፌስታል፣ በጭነት አይሱዙ
ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ።
አራት ሱቅ ጠየቅሁ።
አንዱ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳን ሳይል
«ዕቃው ቆሟል» አለኝ።
ሌላው «ቻይና ግዛ»፣ ደግሞ ዋጋ ሊጠራ ነበር።
ሦስተኛው ሳቀብኝ፦ «አያትህ ናት ወይ?
በኪሎ ሽጣት እንጂ፣ ብረት ተወዶ የለም ወይ?»
አራተኛው ብቻ በአገጩ ጠቆመኝ፣
ከእንጨት መሰንጠቂያው ኋላ ሽመክትን አሳየኝ።

ሽመክት አጭር ነው፤ ቱታው ግን
ከግሪሱ ብዛት ያለ ሰው ይቆማል።
ገና ስጀምርለት፣ «ያማሃ ናት፣ ዲቲ፣ የድሮዋ…»
እጁን አነሳብኝ፦
«ስሟን ተዋት ልጄ፣
ልኳን ንገረኝ።»

ኩሽኔታውን ወስዶ በቤንዚን አጠበው፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን፣ በአንዱ አነበበው።
«ውስጡ አሥራ ሰባት፣ አርባ ነው ወርዱ፣
ውፍረት አሥራ ሁለት…» አለና እንደ ልማዱ
ባለ ካሬ ደብተር ከደረቱ አወጣ፣
ጥጉ በላብ ወዝቶ ቆዳ መስሎ የወጣ።
በእርሳስ ተጽፏል፣ ፊደሉ ያነክሳል፦

የሱዙኪ ፋሻ ለሆንዳዋ ይሆናል፣ ትንሽ ሊማ ንካው።
የፍሪሲዮን ገመድ ከባጃጅ፣ አንድ ስንዝር ቁረጥ።
ይሄ አይገባም። ሁለት ቀን አቃጠልኩበት።
ይሄን አልሞከርኩም፤ የሞከረ ይንገረኝ።

ጣቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።
«ያንተይቱ ኩሽኔታ ከደነባ ውሃ ፓምፕ፤ ያው ነው፣
አትቀንስ፣ አትጨምር።»

የደነባ ፓምፕና የመንዝ በግ ሐኪም
እንዲህ ነበርን ዘመድ? እኔ እኮ አላውቅም።

«መርገጫው ግን» አለና ወደ ጓሮ ሄደ።
በሸራ ተጋርዶ፣ ጎኑ የነደደ
የሞተር አጽም አለ፣
ከአጣዬ የመጣ።
ወንበሯ ቀልጦ ሽቦው ቀርቷል፣
መብራቷ እንባ መስሎ ፈሶ ደርቋል።
በኪያቤ ሁለቴ፣ በመዶሻ አንዴ፣
መርገጫዋን ነቅሎ ሰጠኝ ከነጥቀርሻዋ።
ከያዝኩት ስባሪ ጋር ጥርስ ለጥርስ ሳያት
አንድም አልጎደላት።

«ባለቤቷስ?» አልኩት።
ሽመክት ብረቱን ተቀብሎ እፍ አለው፣
ደግሞ እፍ አለው፣
አቧራ ያልነበረበትን።
ከዚያ ዋጋ ነገረኝ፤
የኩሽኔታውን ብቻ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጓሳ ሥር፣ ማለዳ፣
እትዬ የሺመቤት በጎቹን በሜዳ
ሰብስበው ቆመዋል፤ ከሩቅ ሰምተውኛል።
«ድምጧ ተለወጠ። ያችው ናት? ወይስ ሌላ?»
«ያችው ናት» አልኳቸው፣ መርፌዬን ስሞላ።

ያችው?
ገመዷ የባጃጅ፣ ካቴናዋ የቻይና፣
የደነባን ውሃ ሲስብ የኖረ ነገር
ከፊት ጎማዋ ውስጥ ይዞራል፣
መርገጫዋ ደግሞ…

አልጨረስኩትም።
የመጀመሪያዋን በግ አንገቷን ይዤ ወጋሁ፤
ስለቃት
ነጩ ጠጉሯ ላይ
አምስት ጥቁር ጣት ቀረ።