ስንቅና ትጥቅ

አውሎ ነፋስ ሳማርን በመታ በሦስተኛው ሌሊት፣
ማኒላ ላይ፣ መስኮት በሌለው የዕዝ ቤት፣
ሻለቃ ፔርፔቱዋ የድሮ ፋይል ከፈተች፤
«ይኸው፣ አሥር ዓመት የገነባሁት ጦርነት» አለች።

ነጥቦች ነበሩ፣ በመስመር የተሳሰሩ፤
ወደብ፣ መጋዘን፣ ድልድይ፣ ጦሩና ሰፈሩ፤
አንድ ወታደር በቀን ስንት ውሃ እንደሚጠጣ፣
ስንት ግራም ሩዝ በልቶ ስንት ጥይት እንደሚያወጣ፣
ሁሉም በቁጥር ሰፍሯል፣ አንድም ነገር ሳይታጣ።
በቀመሩ መሐል አንዲት ፊደል አለች፣ «ጠ»፣
ጠላት ማለት ነው፤ የት እንደሚያመን የመረጠ፣
ሌሊት ተነስቶ ደካማውን ድልድይ የቆረጠ።

«ጦር የሚለውን ሰርዝ፣ መንደር ብለህ ጻፍበት፤
ጥይት የሚለው ዓምድ ላይ ዜሮ ብቻ ሙላበት።»
እኔም ሰረዝሁ። ከስንቅና ትጥቅ
ትጥቅ ሲወልቅ፣ ብቻውን ቀረ ስንቅ።
አርባ ቶን እርሳስ ከስክሪኑ ላይ ተነነ፣
እዚያው በተኛበት አርባ ቶን ሩዝ ሆነ።

«ጠስ?» አልኋት። «ጠን ምን ላድርጋት?
ነፋስ አይመርጥ፣ አይመክር፣ የለውም ስልት፤
የቤተ ክርስቲያን ደወል ነቅሎ ባሕር ጨመረ፣
አጠገቡ ያለው የዶሮ ቆጥ ግን እንዳለ አደረ።»
የቀዘቀዘ ኑድሏን በሹካ እያማሰለች፣
«ዕውር አድርጋት እንጂ አታጥፋት» አለች።

ነጥብ ሠላሳ ሁለት የተወለደችበት መንደር ነው።
ይኼን የሰማሁት በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው፤
እሷ «ሠላሳ ሁለት» ብቻ ነው ያለችው።

ኮምፒውተሩ አሰበ። አረንጓዴ መስመር ዘረጋ፤
ከካትባሎጋን ወደብ፣ በጭነት መኪና፣ ሳይነጋ።
«አምስት ሰዓት ተኩል» አለ። እኛም ተጨባበጥን፣
መልስ ማግኘት መድረስ መስሎን።

በማግሥቱ ሬዲዮው አንኮሻኮሸ፦ «መንገዱ ላይ ኮኮናት ተኝቷል፤
አንድ ሁለት አይደለም፣ እንደ ክብሪት እንጨት ተበትኗል፤
ሹፌሩ መጋዝ ይዞ በሰዓት ሃምሳ ሜትር ይሄዳል።»

ያን ጊዜ ነው ማኖ ኢስላው ወደ ወታደሮቹ የመጣው።
ጀልባውን ማዕበል ሰብሮበታል፤ አሁን የሚቀዝፈው
በሩ የተነቀለ ማቀዝቀዣ ነው።
«ስድስት ጆንያ ይይዛል። ሰባተኛው ያሰምጠኛል።
አሸዋው ቦታ ለውጧል፤ የት እንደሄደ ግን ገብቶኛል።»
ሻለቃዋ ዝም ብላ፣ ከወደቡ እስከ ሠላሳ ሁለት፣
ክር የምታህል ቀጭን መስመር ሳበችለት።
ዓቅም በሚለው ሥር ጻፈች፦ ስድስት።
ሥጋት በሚለው ሥር፦ ሰባት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉን ለማየት ወረድሁ፤
ሰልፍ ስል የኖርሁት ሌላ ነበር፣ እዚያ ነው ያወቅሁ፤
ባልዲ የታጠቀ ሰልፍ፣ ሕፃን ያዘለ ሰልፍ፣
ማንንም የማይወጋ፣ ተራ ጠብቆ የሚያልፍ።
ከፊት የቆመችው ሴት፣ ማና ሳሉስቲያና፣
ሩዙን ተቀብላ አልሄደችም ገና።
«ሚስማር አላችሁ?»
«ለጣራሽ ነው?» አልኋት፣ መዝገቤን እየገለጥሁ።
የሚስማር ዓምድ አልነበረም፤ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ።
«መጀመሪያ ለሣጥን» አለች። «ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።
ከተረፈ፣ ለጣራ።»

ያን ሌሊት ቀመሩ ላይ አንድ ረድፍ ጨመርን፤
ሚስማር፣ በኪሎ። ሌላ ቃል አልጻፍን።

በስድስተኛው ወር ጠቅላይ መምሪያው ፋይሉን መልሱ አለ፤
መንደሩ ሁሉ ዳግመኛ ጦር ተባለ፤
ጥይቱ ተመለሰ፣ አርባ ቶን፣ አንድም ሳይጎድል፤
ጠም ዓይኗ በራላት፣ ጀመረች ድልድይ መነጠል።
ጄኔራሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው
አንዷን ረድፍ በጣታቸው ነኩ፦ «ይኼ ምንድን ነው?
ሚስማር? ለምሽግ ነው?»

ሻለቃ ፔርፔቱዋ ቀጥ ብላ ቆመች።
«ስንቅ ነው» አለች።