ዘርጋው

መምህሬ ስሙ ዘርጋው ነው፣ የማታ ሒሳብ አስተማሪ፤
ቀን ቀን እኔ ወያላ ነኝ፣ «አራት ኪሎ!» ብዬ ተጣሪ።
ከፒያሳ ቁልቁል ወርጄ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣
ዳገቱን ደግሞ እወጣለሁ፣ ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ላይ።
በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳልፍ
ልብ አላልኩም፦ ድልድዩ ሹል፣ መንገዱ ራሱ ግራፍ።

«ኤክስ» አለ አንድ ማታ ጋሽ ዘርጋው፣ «ሲቀነስም ሲደመርም
ፍጹም ዋጋው ርቀት ነው፤ ርቀት ደግሞ አይከስርም።
ከድልድዩ ስንት ራቅህ? ነው ጥያቄው።
በየት በኩል? አይልም።»

መብራት ሄደ።
ሰሌዳው ጠፋ፣ ጠመኔው ቀረ።
ወደ እኔ ዴስክ መጣ፤ ከደብተሬ አንድ ወረቀት ገንጥሎ
በስልኬ ብርሃን ሁለት መስመር አሰመረ፤
ዋይን አቆመ፣ ኤክስን አጋደመ፣
ከደረት ኪሱ የቀለም ብዕሩን መዝዞ
«ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ አራት» እያለ
ሁለት ክንዱ ወደ ሰማይ፣ ሆዱ ከአግዳሚው ሥር የዋለ
ጎድጓዳ ነገር ሣለ።

«ምን ፊደል ነው?»
«ሀ» አልኩት።
«በል ሀ ብለህ ጀመርክ» አለና ሣቀ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን በአግዳሚው መስመር አጥፎ
በአውራ ጣቱ ጨመቀ።
«ከመስመሩ በላይ ያለው ባለበት ይቆያል፣ አይጎድልም፤
ከታች ያለው ይነሣል፣ በወረደው ልክ፣ አይተርፍም።»

ከዚያ «ዘርጋው» አለኝ።
ስሙን ነገረኝ ወይስ አዘዘኝ? ብቻ ዘረጋሁት።
ሆድ የነበረው መሐል ላይ ጉብ ብሎ፣
በሁለትና በሲቀነስ ሁለት ላይ እንደ ድልድዩ ሾሎ፣
ንጉሡ ሠ! ቁጭ ብሎ አየሁት።
በእሳቱ ሰ የሰመጠው
በንጉሡ ሠ ሠምሮ ወጣ።

እኔም አለኝ ከመስመር በታች፤
ለባለ ታክሲው ያጎደልኩት የሦስት ቀን ገቢ፣
ለጎማ ቤቱ ለአብዱልሰመድ «ነገ» እያልኩ ያሳደርኩት።
በእነዚያ ሁለት ቀጥ ባሉ ዘንጎች መሐል ባስገባው
ኔጋቲቩ ይረግፍለታል፣ ዕዳዬም ገንዘብ ይመስላል።
መጠኑ ያው ነው። የማን ኪስ እንደሆነ ግን
ግራፉ አያውቅም።

ጋሽ ዘርጋው ግን አልጨረሰም።
«ታች የቀረው አያስፈልግም» ብሎ
በመስመሩ ልክ ቀደደ፣ ግማሹን ጣለ።
መብራት መጣ።
ሁሉም ሠውን ሲገለብጥ
እኔ ጎንበስ ብዬ ከዴስኩ ሥር
የተጣለውን አነሣሁ።
ለምን? እንጃ። እርጥብ ነበር፣ ኪሴን አቀለመው።

እሑድ እናቴን ጥሩወርቅን ጋቢና አስቀመጥኳት።
ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ
ሦስት ታክሲ ይዛ ነው ፒያሳ የምትመጣው።
መንገዱ ሰፍቷል፣ አምፖሉ በረድፍ ቆሟል፣
በግራ ያለው በቀኝ ላይ ተገልብጦ የታተመ ይመስላል።
እውነት ለመናገር ያምራል።
ቁልቁለቱን ስንጀምር አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ
ወደዚህም አየች፣ ወደዚያም።
«ልጄ፣ ቤታችን በየት በኩል ነበር?»

በየት በኩል?
ስንት እንደራቅን አውቃለሁ፤ በኪሎ ሜትር፣ በሳንቲም።
ይህን ግን ሒሳቡ አይጠይቅም፣ እኔም አልመለስኩም፤
እጄን ኪሴ ብሰድ ያቺ ብጣሽ ወረቀት አለች።
«ምንድን ነው የያዝከው?» አለች።
«የታችኛው ነው፣ እማዬ።»
«እስቲ ዘርጋው፣ ልየው።»

ድልድዩ ላይ ደርሰን ነበር፣ ሹሉ ላይ፤
ሹፌሩ ማርሽ ሊቀይር ነው፣ ዳገቱ ሊጀምር፤
ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ
«ወራጅ አለ!» አለ።