ሸቂቃ

በኛ አፍ ሲጠሩት «ራስ ፍልጠት» ይባላል፤
ስሙን ያወጣለት እንጨት ፈላጭ ይመስላል፤
ጆሮ ግንዴን ቆጥሮት ከግንዶች እንዳንዱ፣
ቀኝ ቀኙን ብቻ ነው የምሳር መንገዱ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከሜትሮ ስወርድ፣
ናይፍ መንገድ ዳር ላይ፣ ፀሐዩ ሲነድ፣
ከዐይኔ ጥግ ብቅ አለች ያቺ ጥርሳም መስመር፤
እንደ መጋዝ ስትሄድ፣ እንደ መስታወት ስትሰበር፤
የሱቃችን ስም ላይ ግማሹ ተበላ፤
የጀስና ፊቷም ግማሹ ተበላ።

ሃያ ደቂቃ አለኝ።
ሁለት ፓናዶል፤ ስኳር የሌለው ከረክ፤
ከካዝናው ጀርባ ዐይን ጨፍኖ መንበርከክ።
ጀስና ለአለቃችን «ዕቃ እየፈለገች ነው» ትለዋለች፤
ዕቃው ጭንቅላቴ ነው።

ሐኪሙ መክሮኛል፤ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሰጠኝ፦
«ጻፊ፣ የበላሽውን፣ የተኛሽበትን ሰዓት፤
ከጠረን ራቂ፤ ከብርሃን ራቂ፤ ከጭንቀት።»
እኔኮ ሽቶ ሻጭ ነኝ፣ ዴይራ፣ ዑድ ተራ!
ከጠረን ርቄ በምን እጄ ልሥራ?
ጠረን ነው ባቲ ላይ የእናቴ ቆርቆሮ፤
ጠረን ነው የሐምዛ የትምህርት ቤት ኑሮ።

ቢሆንም ጻፍኩ። ደብተሬ ይኸው፦
ሰኔ ሦስት። አቧራ ነፋስ። ቀኑን ሙሉ።
ሰኔ ዘጠኝ። ለአንዲት ሙሽራ የካምቦዲያ ዑድ አጨስን። አስመለሰኝ።
ሰኔ አሥር። ምንም። ምንም! ውሃው ዳር ሄጄ ጀልባ ቆጠርኩ።
ሰኔ አሥራ ስድስት። ምክንያት አላገኘሁም። ምናልባት ደስ ብሎኝ ስለዋልኩ።

እናቴ በስልክ «ዐይን ነው» ትላለች።
ዳማከሴ ላከች፣ በሰው፣ በፖስታ አሽጋ፤
ዱቄት ሆኖ ደርቆ፣ የጉምሩክ ውሻ አሽትቶት
ደረሰኝ ሲነጋ።
ባፍንጫዬ ሳብኩት፤ ጓሯችን መጣልኝ፤
ራሴ ግን የዴይራ ነው፣ አማርኛ አልሰማም።

እዚያው ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፣
አንዲት አሮጊት ገባች፣ ወርቅማ ቡርቁዕ አድርጋ፤
ያን ሁሉ ጠርሙስ አልፋ ዐይኔ ላይ ቆመች።
«ሸቂቃ?» አለችኝ፣ በለሆሳስ።
እህቴ ያለችኝ መስሎኝ «አቤት እናቴ» አልኳት፤
በዐረብኛ ሸቂቃ
ያንድ አባት፣ ያንድ እናት ልጅ፣ እህት ናትና።
ሂና ያጠቆረው ጣቷን አነሣች፣
ቀኝ ቅንድቧ ላይ ጫነችው፦
«አይ፤ ይቺኛዋን ነው። እኔ ዘንድ አርባ ዓመቷ።»

አንድ ቃል ነው።
ሰሙ እህት፣ ወርቁ ምሳር።

ከዚያ ዞር አለች ወደ ባህራም፦
«ይሄ መብራትህ ዐይኔን ወጋኝ፤ አጥፋው!»
ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ አጠፋው።
ሱቁ ጨለመ። ጠርሙሶቹ መጮህ ተዉ።
ምሳሩ እንደተነሣ ባየር ላይ ቆመ፣
ስድስት ደቂቃ፣ ወይ ሰባት።
እሷ ምንም አላለችኝ፤ እኔም አላመሰገንኳት።
አንድ ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ ገዝታ ወጣች።
መብራቱ ተመለሰ።
ምሳሩም።

ማታ፣ ከታችኛው አልጋ፣ መጋረጃዬን ስቤ፣
ሻሼን በግንባሬ እስኪያደነዝዘኝ ስቤ፣
ባልዲውን አቅፌ ተኛሁ። ከላዬ ዘሃራ
ስልኳን ትራስ ውስጥ ቀብራ ለኔ ስትል በሹክሹክታ ትጣላለች።
ሌሊቱ በአንድ ጎኔ ብቻ አለፈ።

ሲነጋ የታጠበ ሳህን ነበርኩ፤
ባዶ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ ነካ ቢያደርጉት የሚጮህ።
ደብተሬን ገልጬ
«ሰኔ ሃያ ሦስት። እህቴ መጣች» ብዬ ጻፍኩ።
አየሁት፤ ሰረዝኩት፤
ጫማዬን አስሬ ስጨርስ ተመልሼ አስተካከልኩት፦
«ሁለት ሸቂቃ መጡ።
አንዷ መብራት አጠፋችልኝ።»