የማይቀበር ሰው

ቡሬ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከዋንዛው ሥር ወንበሬ፣
የሰው ክስ ስጽፍ አረጀሁ፣ ገጹን በሃያ ቸርችሬ።
ዛሬ ጧት ስንሻው መጣ፣ የበርበሬ ነጋዴው ልጅ፣
ማኅተሙ ቀይ፣ ወረቀቱ ነጭ፣ መጥሪያ ይዞ በእጅ።
ዕዳው የበርበሬ ነበር፤ ጆንያው ከመጋዘን ሻግቶ፣
ወለዱ ብቻ ነው ያደገ፣ እንደ ልጅ ከቤት ገብቶ።

"አባቴ ሞቷል፤ አርባውም ወጥቷል፤
አበዳሪው ግን ስሙ እንኳ ሦስት ጊዜ ተለውጧል።
ያኔ የተዋዋለው የባሕር ማዶ ባንክ ነው፤
ተዋሀደ አሉ፣ ተሸጠ አሉ፤ ታዲያ ይሄ ከሳሽ ማነው?"

ሕጉን ገለጥኩለት፦
"ማኅበሩ የሕግ ሰው ነው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፤
ስሙ ቢለወጥ፣ ከሌላ ጋር ቢዋሀድ፣ ባለአክሲዮኖቹ በሙሉ ቢያልፉ፣
ሰውነቱ አይቋረጥም።"

ሕግ ቤት አይመታም፤ ቤት ግን ያሸጣል።

ዝም ብሎ ቆየና፣ "ሰው ነው ካልክማ" አለኝ፣
"የት ተወለደ? የክርስትና ስሙን ንገረኝ።
በየትኛው እድር ገብቷል? በማን ቀብር አፈር መልሷል?
ሲታመምስ ማን ጠይቆት፣ ከደጁ ማን ደርሷል?"

ምን ልመልስ? እኔም ራሴ፣ ስንት ጊዜ አደግድጌ፣
"አመልካች" ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ከሰው ተርታ አድርጌ።

ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት አስከባሪው ወጣና፣
በሟቹ ስም ተጣራ፣ መዝገቡ አልታረመምና፦
"ቸኮል ባይህ!"
ልጁ ኮፍያውን አወለቀ፤
የባንኩ ጠበቃ ከጥላው ሥር ክራባቱን አጠበቀ።
"ቸኮል ባይህ!"

"አለሁ" አለ ስንሻው።