ሰማያዊ አይደለም

ቺሎኤ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማይሰንፍበት፣
ትምህርት ቤቱ ነበረው ባለመስታወት ካቢኔት፤
ውስጡ ጢማም ሙታን፣ በቆዳ ተጠርዘው፣
ተኮልኩለው ነበር፣ ስንት ዓመት ደንዝዘው።
ብራውሊዮ አንዱን ወሰደ፣ ተገዶ፣ ለፈተና፤
በጀልባው ወንበር ላይ ትራስ አደረገውና
ተኛበት።
(ደህና ትራስ ነበር፤ ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ።)

ዶሚቲላ መጣች በማለዳው ጀልባ፤
ካቢኔቱን ከፈተች፣ ንጹህ አየር እንዲገባ።
አንብቡ አላለችም። ንባብ አእምሮ ያሰፋል የሚለውን ስብከት
ግድግዳ ላይ ለተለጠፈው ወረቀት ተወችለት።
ደብተር ይዛ ዞረች፦ «እንቅልፍ የሚነሳሽ ምንድን ነው?
አንተስ፣ የሚያናድድህ? ለሰው የማትነግረው የቱ ነው?»

ያሪትሳ፦ «እናቴ ሌሊት ከዓሣ ፋብሪካ ስትገባ እጇ ይሸተኛል፤
መሽተቱ አይደለም፤ ማፈሬ ያሳፍረኛል።»
ሌላው ስለ ፍቅር፤ ሌላዋ ስለ እግዜር ዝምታ፤
አንዱ ከሞተር ሳይክል በቀር በምንም የማይረታ።
ብራውሊዮ ትከሻውን ሰበቀ።
ቆይቶ፣ ለመስኮቱ፦
«ወንድሜ ባሕር ጠላቂ ነው። አንድ ጆሮውን ውሃው በላው።»

ካርቶኑ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ሲመጣ ግማሹ ርሷል።
የብራውሊዮ ድርሻ ቀጭን ነው፤ ሥዕል ከዳር ዳር ወርሶታል።
«ይሄ እኮ መጽሐፍ አይደለም» አላት፣ ከንፈሩን ጣል አድርጎ ሲንቅ።
«እንግዲያው መጽሐፍ አትበለው፤ ያዘውና ራስህ ዕወቅ።»

ጀልባው ተነሳ። ሥዕሉ ውስጥ አንድ ጠላቂ፣ ቱቦ በጥርሱ ነክሶ፣
ይወርዳል፤ ታናሹ ከላይ ገመድ ይዟል፣ በፍርሃት አጎንብሶ።
ነጂው ጮኸ፦ «ብራውሊዮ! ወደብህ!»
ማን ሰምቶ። ልጁ ሃያ ክንድ ታች ነው።
መጨረሻው ደሴት ላይ፣ በጨለማ፣ ጭቃ ውስጥ ወረደ፤
ከአጥማጆች ፋኖስ ሥር ቆሞ ገጽ በገጽ ሄደ።

እኩለ ሌሊት ቤቱ ደረሰ። ኤላዲዮ ሊቆጣ ተነስቷል።
እሱ ግን በደህናው ጆሮ በኩል ተጠግቶ
አነበበለት፣ ጮክ ብሎ፣ ዶሮ እስኪጮኽ ተግቶ።

መጽሐፉ ተመለሰ፤ ጨው የነካው፣ የጎበጠ፤
ገጽ ሠላሳ አንድ ኅዳግ ላይ እርሳስ ያፈጠጠ፦
«ሰማያዊ አይደለም። እዚያ ታች ብርሃኑ አረንጓዴ ነው።
ወንድሜን ጠይቁ።»

ዶሚቲላ ላጲስ አነሳች።
መልሳ መሳቢያው ውስጥ ጣለችው።

በወሩ፣ ከዚያው ሥር፣ በሌላ እጅ፣ በክብ በክብ ፊደል፦
«ጠየቅሁት። ያሪትሳ ነኝ።
አረንጓዴ ነው ይላል። ጠዋት ጠዋት ግን ይለያል።»